ቁልቁለት ላይ የተጠራ ስም

የመጨረሻዋ ደህና ቀን ቅዳሜ ነበረች። ደህና ስል ሰላም ነበረ ማለቴ አይደለም። ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ላይ ምሽግ ሠርቶ ከተቀመጠ ቆይቷል፤ የአገራችንም ሰው ግማሹ ቤቱ፣ ግማሹ ጫካ ነበር። ደህና ያልሁት ወንድሜ ስለነበረ ነው።

ቤታችን ከይጁቤ ወዲያ፣ ደጋው አልቆ ቆላው ከሚጀምርበት አፋፍ ላይ ነው። ከደጃችን ትንሽ እልፍ ብሎ ለሚቆም ሰው መሬቱ ከእግሩ ሥር ይጠፋል። ከታች የዓባይ በረሃ ነው። ወደ ታች የሚወስደውን መንገድ ሰዉ «ጉልበት አውልቅ» ይለዋል። ከመንገዱ በስተግራ ደግሞ ሣር የማያበቅል፣ ጠጠር ብቻ የሆነ ናዳ አለ፤ ከአፋፉ ሥር ጀምሮ እስከ ታች ድረስ ከተቀደደ ስልቻ እንደ ፈሰሰ እህል ተዘርግቷል። በዚያ ፍየልም አይወርድበትም።

ወንድሜ ይሁኔ ይባላል። ሃያ አራት ዓመቱ ነበር፤ እኔ አሥራ ስድስት። አባታችን በሕመም ስለሞተ የቤቱ አባወራ እሱ ነው፤ «አያ ይሁኔ» እለው ነበር። ከታች በረሃው አፍ ላይ አንድ ዋሻ አለ። በዚያ አርበኞች ቁስለኞቻቸውን፣ ሴቶቻቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው ተጠልለዋል። ከደጋ ወሬ የሚያደርስላቸው ወንድሜ ነበር። ወረቀት አይዝም። «ወረቀት ይፈተሻል፤ ቃል አይፈተሽም» ይላል። ሌላው ሰው ግማሽ ቀን የሚፈጅበትን ቁልቁለት፣ እሱ እናቴ ወተቷን ንጣ ቅቤውን ሳታወጣ ይጨርሰዋል።

ያን ቅዳሜ ሩጫ ሊያስተምረኝ ይዞኝ ወረደ።

«አንድ ሰው አይበቃም» አለኝ። «እኔ ብመታ፣ ብታመም፣ ዋሻው ደንቆሮ ሆነ ማለት ነው።»

መጀመሪያ ከግማሽ መንገድ ወደ ላይ አስሮጠኝ። ጥቂት እንደሄድሁ ቀና ብዬ አፋፉን ሳይ ከኋላ በአርጩሜ ቸብ አደረገኝ።

«ጫፉን አትይ። ጫፉን የሚያይ ሰው ልቡ ቀድሞት ይወጣና እግሩ ይቀራል።»

«ታዲያ ምን ልይ?»

«የፊትህን ድንጋይ። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ድንጋይ። ዳገት ትኩስ ገንፎ ነው፤ ከዳር ከዳሩ ነው የሚበላው። ከመሀሉ የጀመረ አፉን ይቃጠላል።»

እርምጃዬን አሳጠርሁ። ትንፋሼ ከእግሬ ጋር ገጠመ። ዳገቱ በጣም ቀጥ ሲል ደግሞ መሮጤን ትቼ፣ ወደ ፊት ጎንበስ ብዬ፣ እጄን ጭኔ ላይ እየተጫንሁ እንድራመድ አደረገኝ። «እንዲህ ያለው ላይ የሚሮጥ ሰው አለ» አለ፤ «እየተራመደ የሚቀድመው ሰው ደግሞ አለ።» አፋፉ ላይ ስንደርስ አላለከለክሁም። እውነቱን ለመናገር ዳገት አልከበደኝም። የከበደኝ መውረዱ ነው።

ስወርድ ወደ ኋላ እጋደማለሁ። ተረከዜን እተክላለሁ። ድንጋዩ ይከዳኝና በመቀመጫዬ እሄዳለሁ።

«ምነው ትተኛለህ? ከኋላህ አልጋ አለ እንዴ?»

«እንዳልወድቅ ነዋ!»

«የምትወድቀው ስለምትተኛ ነው። ደረትህን ለቁልቁለቱ ስጠው። ጉልበትህን አታድርቀው፤ እጥፍ ይበል። እግርህ መሬቱን ይንካው እንጂ አይርገጠው። አጭር፣ ቶሎ ቶሎ። እጅህን እንደ ጥንብ አንሣ ክንፍ ግራና ቀኝ ልቀቀው። ዓይንህ ከእግርህ ሦስት እርምጃ ቀድሞ ይውረድ። የእማማ አህያ እንኳ እህል ተጭና ካንተ ታምራለች።»

«አህያዋ አራት እግር አላታ!»

«አንተም አራት አለህ፤ ሁለቱ መቀመጫህ ላይ ናቸው።»

ከዚያ ናዳውን አሳየኝ። ከመንገዱ ወጥቶ ጠጠሩ ላይ ዘለለ። ጠጠሩ ከእሱ ጋር ወረደ፤ እሱም ከጠጠሩ ጋር። ወንዝ የያዘው ቅጠል ይመስል ነበር። ቆሞ ጠራኝ። እኔም ዘለልሁ፤ እንደ ልማዴ ተጋደምሁ፤ የክርኔ ቆዳ እዚያው ቀረ።

«ናዳው ላንተ ይቅርብህ» አለ። አልሳቀም። ከዚያ መንገዱን ይዞ ቁልቁል ለቀቀው፤ እያየሁ እንድማር።

ይህን ጊዜ ነው እናቴ ከአፋፉ ላይ የተጣራችው። «ይሁኔ ሆይ! ኧረ ይሁኔ!»

የኛን አገር የማያውቅ ሰው ቢያነበው ብዬ ነው ይህን የምጽፈው። እኛ ከማዶ ማዶ እየተጠራራን ነው የምናድግ። ስሙ የተጠራ ሰው የያዘውን ትቶ፣ ፊቱን ወደ ጠሪው አዙሮ ይመልሳል። ያላዞረ ልጅ አሳዳጊ የበደለው ይባላል። ነገሩ ትምህርት መሆኑ ቀርቶ ከአንገት ጋር አብሮ የሚያድግ ነገር ነው። ወንድሜ በዚያ ሩጫ ላይ እያለ ስሙን ሲሰማ አንገቱ ዞረ። እግሩ ድንጋይ ሳተ። ሁለት ጊዜ ተገለበጠና ቁጥቋጦ ያዘው።

ሮጬ ስደርስ ጉልበቱን እያራገፈ ይስቃል። «አቤት እማማ!» ብሎ ወደ ላይ ከመለሰላት በኋላ ክንዴን ያዘኝ።

«አየህ? አንገት ከዞረ እግር ይሳሳታል። እኔ ስወርድ ስሜን እንዳትጠራ። አደጋ ካየህ ድንጋይ ልቀቅ። ድንጋይ ሲንከባለል ከሰማሁ ከመንገድ እወጣለሁ። ስሜን ከሰማሁ ግን እዞራለሁ። አልዞርም ብልም አንገቴ አይታዘዘኝም።»

«እሺ።»

«እሺ አይበቃም። ማል።»

«እናቴን» አልሁ።

እናቴ የጠራችን ለምሳ ነበር። «ይህን ጉልበት ለአጨዳ ብታውሉት ጎተራዬ በሞላ» ብላ ስትቆጣ፣ እሱ ከኋላዋ ሆኖ የኔን አወራረድ በእጁ እያሳየ ያስቀኛል። ቅዳሜ ይህ ነው። ሌላ ነገር አልነበረበትም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ለምሽጉ እንጨት የምታቀርብ አንዲት ሴት ከደብረ ማርቆስ መጥታ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ወንድሜን ለብቻው ጠቀሰችው። እኔም ተጠጋሁ።

«ነገ ቀትር ላይ ዋሻውን በሁለት በኩል ይከቡታል» አለች። «ቦታውን የሚያሳይ ባንዳ አግኝተዋል።»

«ሰምተሽ ነው?»

«በዓይኔ አይቼ! ጥይቱን ለበቅሎ ሲያደላድሉ።»

«መንገዱ ላይስ ሰው አለ?»

«ኧረ ገና ከከተማ አልወጡም።»

ያየችውን ነው የተናገረች። ጥቂት ባንዶች ቀድመው በሌላ መንገድ እንደ ወረዱ በምን ታውቃለች? አልቀየምኋትም።

ቤት ስንደርስ እናቴ ዳቦ ቆርሳ ዘረጋችለት።

«ቅመስ እንጂ የኔ ጌታ።»

«ስመለስ እማማ። የጠገበ ሰው ቁልቁለት ላይ ድንጋይ ነው።»

«አንተ ደግሞ ለሁሉ ነገር ምክንያት አለህ» ብላ ዳቦውን በመሶብ ከደነችው።

አፋፉ ላይ፣ መንገዱ ቁልቁል ከሚታይበት አለት ዘንድ አብረን ቆምን። ሦስት ጎላ ጎላ ያሉ ድንጋዮች ፈልጎ ከአለቱ ጠርዝ ላይ ደረደረልኝ። በእግር ገፋ ቢያደርጓቸው የሚሄዱ ናቸው።

«ከታች መንገዱ ዳር እስካለው ዋርካ ድረስ ታየኛለህ። ከዋርካው ካለፍሁ ወደ ቤት ግባ።»

«እኔም ልውረድ አያ? ሁለት ብንሆን...»

«አንተ ገና ትተኛለህ» አለና ማጅራቴን መታ አደረገኝ። ወረደ።

አወራረዱን አሁንም አያለሁ። ኩታውን ወገቡ ላይ አስሮታል። እጆቹ ክፍት ናቸው። እግሩ መሬቱን የሚነካው ለምልክት ያህል ነው። የመጀመሪያውን መታጠፊያ አለፈ፤ ሁለተኛውን አለፈ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ በአንድ ጉብታ ዞሮ ዋርካው ዘንድ ይደርሳል። እሱ ዋርካውን አያይም፤ እኔ አያለሁ።

ከዋርካው ሥር አንድ ሰው ተነሥቶ ልብሱን አራገፈ። ትከሻው ላይ ጠመንጃ አለ። ቀጥሎ ሌላ ሰው ተነሣ። ሦስተኛው እንደ ተቀመጠ ነው።

የመጀመሪያውን ድንጋይ ገፋሁት። ሄደ። ጥቂት ነጠረና ከአለቱ ሥር ያለ ቁልቋል ውስጥ ገብቶ ቀረ። ድምፅ እንኳ የለውም። ወንድሜ ጉብታው ዘንድ ሊደርስ ነው።

ሁለት ድንጋይ ቀርቶኝ ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ። ሁለት ድንጋይ እግሬ ሥር ነበረ።

«ይሁኔ ሆይ!»

እኔ ነኝ የጠራሁት? አፌ ነው። እናቴ እንደምትጠራው፣ መጨረሻውን ስቤ ነው የጠራሁት። ዞረ። ከዚያ ርቀት ፊት አይለይም፤ እኔ ግን ፊቱን አይቻለሁ። ማን እንደ ጠራው ሊያይ ነው የዞረው። እግሩ አየር ረገጠ። ሲወድቅ፣ ድምፄን ሰምተው ከጉብታው ብቅ ያሉት ሰዎች ተኮሱ፤ አንድ፣ ከዚያ ሌላ። ተንከባልሎ ከመንገዱ በስተግራ፣ ከናዳው ዳር ካለ ትልቅ ድንጋይ ኋላ ጠፋ።

ባንዶቹ ጥቂት ወጥተው ዙሪያውን አዩ። ዳገቱ ሰለቻቸው መሰለኝ፤ ቆሙ። አንደኛው እጁን አፉ ላይ አድርጎ ወደ አፋፉ ጮኸ።

«ማነህ አንተ የጠራኸው? እስቲ ድገመውማ!»

ሳቁ። በደረቴ ተኝቻለሁ። ድንጋዩን ነክሼ ነበር መሰለኝ፤ ኋላ ጥርሴ ላይ አፈር አገኘሁ።

ወደ ዋርካው ጥላ ሲመለሱ፣ ፀሐይም ስታዘቀዝቅ፣ በክትክታው ውስጥ እየተሳብሁ ወረድሁ። ድንጋዩን ተደግፎ ተቀምጧል። አንድ ጉልበቱ ቦታው ላይ አልነበረም። ኩታውን ከጎኑ ላይ አጥብቆ ይዞታል፤ ኩታው ቀይ ነው።

«ጠራኸኝ» አለ።

«ጠራሁህ አያ።»

«ድንጋዩስ?»

«ቁልቋል ያዘብኝ።»

ሌሎቹስ ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። አላለም። እስከ ዛሬ እጠብቃለሁ።

ቆይቶ፣ «መንገዱ ተይዟል» አለ። «ናዳው ግን አልተያዘም። ጉብታው ከዋርካው ይከልለዋል። ማንም የማይወርድበትን ማን ይጠብቀዋል?»

«አልችለውም፤ ትላንት አይተኸኛል።»

«አሁን አትችልም፤ ሊጨልም ነው። ነገ ጠጠሩ ሲታይህ ትችላለህ። ደረትህን ስጠው።» ትንፋሹን ጠበቀ። «ሰዎቹ ቀትር ላይ ነው የሚደርሱ። አንተ ከጧት ትቀድማቸዋለህ። ደግሞ ማንም ቢጠራህ እንዳትዞር።»

«አንተንስ?»

«እኔማ የት እሄዳለሁ?» አለ። ይህ የሱ ቀልድ ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ዳቦው አንድ ነገር ተናገረ፤ አልሰማሁትም። ፀሐይ ሳትገባ ሞተ።

ሌሊቱን አልጽፈውም። ጅብ እንዳይደርስበት ድንጋይ ስከምርበት አደርሁ፤ በቃ።

ጧቱን ከመናገሬ በፊት ግን ከናንተ ጋር ጥቂት ልነጋገር። ጧቱን መጨረሻ ላይ ነው የምፈልገው።

ዋሻው ተለቅቋል። ጣሊያን ቀትር ላይ ደርሶ ያገኘው አመድ ነው። ከቁስለኞቹ የዳኑ አሉ፤ ዛሬ ይጁቤ ገበያ ላይ ሲያገኙኝ ትከሻዬን ይስማሉ። አመስግኑኝ አላልሁም። ሲስሙኝ እቆማለሁ።

አገሩ ነፃ ከወጣ በኋላ ደብረ ማርቆስ ትምህርት ቤት ገባሁ፤ አሁን ሁለተኛ ደረጃ ደርሻለሁ። ከክፍሉ ሁሉ በዕድሜ እበልጣለሁ። ባለፈው ዓመት የስፖርት መምህራችን ዳገት እንዴት እንደሚሮጥ የሚያውቅ አለ ወይ ሲሉ ተነሥቼ ተናገርሁ። ጫፉን አለማየት፣ እርምጃ ማሳጠር፣ ሲብስ መራመድ፤ ሁሉንም ተናገርሁ። «ጎበዝ! ቁልቁለቱስ?» አሉኝ። ተቀመጥሁ።

ስሜ ሲጠራ አልዞርም። መምህራኑ ጆሮዬን የታመምሁ መስሏቸው ሐኪም ዘንድ ልከውኛል። ሐኪሙም ደህና ነህ አለኝ። እኔም ሰው ከኋላው በስሙ አልጠራም። ሮጬ እደርስበትና ትከሻውን እነካዋለሁ። ይደነግጡብኛል። ቢደነግጡ ይሻላል።

ባትጠራውማ ዋርካው ሥር ይገድሉት ነበር ይሉኛል የነገርኋቸው ጥቂት ሰዎች። ይሆናል። ሁለቱን ድንጋይ ለቅቄ ቢሆንስ? ሁለተኛው ቁልቋሉን ስቶ ቢወርድስ? አንባቢዬ፣ አንተ ወይም አንቺ እዚያ አለት ላይ ብትቆሙ እግራችሁ ይቀድማል ወይስ አፋችሁ? መልሱን ላኩልኝ አልልም። የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። እኔ የማውቀው ይህን ብቻ ነው፤ የምንወደውን ሰው ለማዳን ስንጣደፍ የሚመጣልን የለመድነው ነገር ነው፤ የማልነው አይደለም።

እናቴ በሕይወት አለች። የወንድሜን ሙት ዓመት የምታወጣው ከሞተበት ቀን በአንድ ቀን ዘግይታ ነው። «እሑድ ነው የሞተው እማማ» ብዬ ብዙ ጊዜ ነግሬአታለሁ። «ሰኞ ጧት በዓይኔ አይቼዋለሁ!» ትላለች። ካህኑም ቢነግሯት አልሰማ አለች። አሁን ትቼዋለሁ። መጥራቴን ደግሞ አልነገርኋትም። እናቴ ማንበብ አትችልም። ይህን ለመጻፍ የደፈርሁትም ለዚያ ይሆናል።

ጧቱ እንዲህ ነው።

ጉሙ ከታች ተነሥቶ ጠጠሩ አንድ በአንድ መታየት ሲጀምር፣ የመጨረሻውን ድንጋይ ወንድሜ ላይ አኖርሁ። ናዳው ጫፍ ላይ ቆምሁ። ጀርባዬ እንደ ልማዱ ወደ ኋላ ሄደ። መለስሁት። ደረቴን ሰጠሁት።

ጠጠሩ ተንቀሳቀሰ፤ እኔም አብሬው። ጉልበቴ እጥፍ አለ። እግሬ ነካ፣ ለቀቀ፤ ነካ፣ ለቀቀ። እጆቼ በራሳቸው ተከፈቱ። ዓይኔ ሦስት እርምጃ ቀድሞኝ ይወርዳል። አልወደቅሁም። በዕድሜዬ እንደዚያ ወርጄ አላውቅም።

ያን ጊዜ ነው ከላይ ድምፅ የመጣው።

«ይሁኔ ሆይ!»

እናቴ ናት። ልጆቿ ሳይመለሱ ቢመሽ ጎረቤት ይዟት አድራ፣ ሲነጋ አፋፉ ላይ ወጥታ ቆማለች። ከሩቅ ናዳውን የሚወርድ ሰው አየች። ፊቱን አላየችም፤ አወራረዱን ነው ያየችው። በዚያ እንደዚያ የሚወርድ ሰው የምታውቀው አንድ ብቻ ነው።

«ይሁኔ ሆይ! ልጄ! ተመስገን!»

ደስታዋን ሰማሁት። አንገቴ ሊዞር ተነሣ።

ከእግሬ ሦስት እርምጃ የቀደመውን ጠጠር አየሁ። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን አየሁ። እሷ እየጠራችው፣ እኔ ወረድሁ።